የቻይና ሃይማኖታዊ ሕይወት በቤትና በመንደር

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ክቡራንና ክቡራት፤

ስለ ቻይና ሃይማኖት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ አማኝ በመቁጠር እንጀምራለን። በዚያ አገር ግን «ሃይማኖት የለኝም» የሚል ሰው ለአያት ቅድመ አያቶቹ ዕጣን ማጨሱ፣ ልጁ ለፈተና ሲቀመጥም ቤተ መቅደስ ሄዶ መማጸኑ የተለመደ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይጋጫል ብሎም አያስብም። ዛሬ ላስረዳ የምወደው፣ የቻይናውያን እምነት ዋና ማደሪያው ከአባልነት መዝገብ ይልቅ ቤተሰብና መንደር መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ወይም 5 ቀን የሚውለውን የቺንግሚንግ በዓል እንመልከት። ቤተሰቡ ተሰባስቦ ወደ መቃብር ይወጣል፤ አረሙን ይነቅላል፣ በድንጋዩ ላይ የደበዘዘውን ጽሕፈት ቀለም ይቀባል፣ ፍራፍሬና መጠጥ ያቀርባል፣ ሙታን በወዲያኛው ዓለም ይገለገሉበታል የሚባለውን የወረቀት ገንዘብም ያቃጥላል። መቃብሩ የራቀበት ከተሜ ደግሞ ምሽት ላይ መንገድ ዳር በጠመኔ ክብ ይሠራል፤ ገንዘቡ ሌላ ሳይነጥቀው ለባለቤቱ እንዲደርስ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ብቻ በር ይተውለታል። ከክቡ ውጭም ጥቂት ወረቀት ያነዳል፤ ይህ አስታዋሽ ዘመድ ለሌላቸው፣ ለሚንከራተቱ ነፍሳት የሚተው ድርሻ ነው። እኔ ከብዙ ድርሳን ይልቅ ስለዚህ ሕዝብ እምነት የሚነግረኝ ይህ ድርሻ ነው።

መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው ሃይማኖቶች 5 ናቸው፤ ቡድሂዝም፣ ከቻይና የበቀለው ጥንታዊ እምነት ዳኦይዝም፣ እስልምና፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት። የቀድሞ አባቶች ክብርና የመንደር አማልክት አምልኮ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ስለሆኑ ሌላ መጠለያ መፈለግ ነበረባቸው፤ ያገኙትም በባህል ቅርስነት ስም ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና በፉጂያን ክፍለ ሀገር ጠረፍ የባሕርተኞች ጠባቂ ተብላ የምትከበረው የማዙ ጥንታዊ መቅደስ የማኦ መንግሥት አሮጌ ባህልና እምነትን ለማጥፋት በዘመተበት በባህል አብዮት ዘመን (1966–1976) ፈርሶ፣ በኋላ በምእመናኑ ጥረት ዳግመኛ ተሠርቷል፤ በ2009 ደግሞ የማዙ እምነትና ሥርዓት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ቺንግሚንግም ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ የዕረፍት ቀን ሆኗል።

ይህ መጠለያ ግን ለሁሉም እኩል አልተዘረጋም። በዜጂያንግ ክፍለ ሀገር ከ2014 ጀምሮ ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ መስቀል እንዲወርድ ተደርጓል፤ በሰሜን ምዕራቡ የሺንጂያንግ ግዛትም የኡይጉር ሙስሊሞች የአምልኮ ሕይወት በብርቱ ተጨቁኗል። በ2018 የሃይማኖት ጉዳዮች አስተዳደር ከፓርቲው ውጭ ካሉ ወገኖች ጋር ያለውን ግንኙነት በሚመራው በኮሚኒስት ፓርቲው የተባበረ ግንባር መምሪያ ሥር በመጠቃለሉም ቁጥጥሩ በቀጥታ የፓርቲው እጅ ገብቷል፤ ቅርስ ተብሎ የተፈቀደው ሥርዓትም ቢሆን ውሎ የሚያድረው በዚሁ እጅ ነው።

አመሰግናለሁ።