የአደን ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት
(ለዱር እንስሳት ጠባቂ ስካውቶች፣ ለአዳኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ስካውቶች፣ ሙያተኛ አዳኞችና ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ዋና መኖሪያውም ይኸው የባሌና የአርሲ ደጋ ነው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ ተቀርጿል፤ ሳንቲሙ ዛሬ ምንም ባይገዛም አጋዘኑ አልረከሰም። በዓለም አቀፍ መዝገብ ግን የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ተርታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥይት ይቆጠራል።

ኮታ፣ ማለትም በወቅቱ እንዲታደን የሚፈቀደው ቁጥር፣ የሚወጣው ከእንስሳቱ ቆጠራ ነው። ስካውቱ ቤቱ ተቀምጦ ቅጽ ከሞላ፣ የምንሰጠው ፈቃድ ሁሉ ግምት ይሆናል። ቁጥሩ ቀንሶ ከተገኘ ኮታው ይቀነስ፤ ካስፈለገም የአደን ቦታው ለአንድ ወቅት ይዘጋ። ይህን ስል ፊታቸው የሚጠቁር የአደን ድርጅት ባለቤቶች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ።

አሁን ወደ አዳኙ ልምጣ። የሚታደነው ያረጀ አውራ ብቻ ነው። ቀንድ አይታችሁ ብቻ አትቸኩሉ፤ ሜትር ያለፈ ቀንድ የተሸከመ ጎልማሳም አለ። አንገቱ ወፍሯል? ጠጉሩ ጠቁሯል? የቀንዱ ጫፍ በመፋተግ ብዛት አልቋል? በመነጽር ደጋግማችሁ እዩ። ጥርጣሬ ካለ ጣት ከቃታው ይውጣ። አያቶቻችን ግዳይ ለጣለ ይፎክሩለት ነበር፤ እኔ ግን ተጠራጥሮ ሳይተኩስ ለተመለሰ ብፎክር እመርጣለሁ።

በጉዞ የተንገላታ ጠመንጃ ማነጣጠሪያው ይዛነፋል። ማንም ኢላማ ላይ ሳይሞክር ጫካ እንዳይገባ። ቆስሎ አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ የተሰወረ እንስሳ እንደተገደለ ይመዝገብ፤ አዳኙም ደሙንና ዱካውን እስከ መጨረሻው ይከተል። ትቶት ሌላ ለመፈለግ የሚነሳውን ስካውቱ የማስቆም ሙሉ መብት አለው፤ እንግዳው የቱንም ያህል ዶላር ቢከፍል።

አብዛኞቹ ግልገሎች የሚወለዱት ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ እናታቸው ሣር ውስጥ ደብቃቸው ትሰማራለች። እረኞች ውሾቻችሁን አቅርባችሁ ያዙ፤ አስከትቡም፤ የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮንም ይፈጃል።

በእኔ እምነት አጋዘኑን ከጠመንጃ ይልቅ የሚያሰጋው የማረሻውና የመንጋው መስፋፋት ነው። ገበሬውን ግን መውቀስ አልፈልግም። ገብሱ በአጋዘን እየተበላ፣ ከአደኑ ገቢ ምን እንደደረሰው ሳያውቅ፣ ጫካውን በምን አንጀቱ ይጠብቅ? ለቀበሌው የተከፈለው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ምን ላይ እንደዋለ በስብሰባ ፊት ይነበብ። የትምህርት ቤት ጣሪያ ከሆነ ጣሪያው ይታይ።

ስካውቶች የቆጠራ ቅጹን ከመውጣታችሁ በፊት ከጸሐፊው ዘንድ ውሰዱ። የጠመንጃ ሙከራው ነገ ጠዋት ነው። አመሰግናለሁ።