የአሞራ ገደሉ ዓሣ የየትኛው ፋኩልቲ ነው?

(ምስል፦ ማለዳ፣ አሞራ ገደል። ጀልባዎች እየገቡ ነው። አባ ኮዳዎች ዳር ላይ ተሰልፈዋል።)

ጤና ይስጥልኝ! ሀዋሳ ነን፣ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ያደሩት አስጋሪዎች መረባቸውን እያራገፉ ነው። እነዚያ ራሰ በራ፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌ የሚመስሉ ወፎች አባ ኮዳ ይባላሉ። የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው እየጠበቁ ነው። ትዕግሥታቸው ከእኔ ይበልጣል፤ እኔ ቁርስ አልበላሁም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ጥናትና ምርምር ነው። አውቃለሁ፣ ርዕሱ ያስተኛል። ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ነው። ወይ ደግሞ ለመመረቂያ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ወረቀት። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ እዚህ የሚሸጠው ዓሣ ነው።

(ምስል፦ አንድ ወጣት ዓሣ ሲበልት። ቢላዋው በቅርብ ይታያል።)

ልጁ የያዘው ቆሮሶ ነው። ጎኑ የተጋደመው ጢማሙ አምባዛ። ያኛው ሦስተኛው ደግሞ ባርበስ ይባላል። ሦስቱም ከአንድ ውኃ ወጡ። ሥጋቸው ግን አንድ አይደለም።

ዘሪሁን ደስታ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በእነዚህ ዓሦች ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት ለክተው ነበር። ውጤቱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታትሟል። ቆሮሶ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ባርበሶች ውስጥ ግን ከፍተኛ መጠን ተገኘ። ምክንያቱ የሚበሉት ነገር ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ይበላል። ባርበስ ሲያድግ ሌሎች ዓሦችን መብላት ይጀምራል። ትንንሾቹ በሰውነታቸው ያጠራቀሙትን ሜርኩሪ ትልቁ ይወርሳል። የሰው ዕዳ እንደ መውረስ በሉት።

እስካሁን ነገሩ ቀላል ነው። አምባዛ ላይ ሲደርስ ግን ተበላሸ። አምባዛም ዓሣ ይበላል። ስለዚህ ሜርኩሪው መብዛት ነበረበት። አልበዛም። ከተጠበቀው በታች ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ውጤት ደስ ይለኛል። ሐይቁ «ሁሉንም አውቃችኋል ብላችሁ ነበር እንዴ?» ያለ ይመስላል።

እንግዲህ ይህ የሥነ ሕይወት ሰው ሥራ ነው። ቀጣዩን ጥያቄ ግን ልብ በሉ። ትልቁን ባርበስ ማን ይበላዋል? በሳምንት ስንት ጊዜ? ነፍሰ ጡር ሴት ትበላዋለች? ዋጋው ከቆሮሶ ቢረክስ ድሃው ቤት አይገባም ወይ? ይህን የሚመልስ ማይክሮስኮፕ የለም። ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ጥያቄው ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሌላ ግቢ ሄደ ማለት ነው።

ባጃጁን ያመጣሁት ለቀልድ ብቻ አይደለም። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንድ ቦታ አይደሉም። ታሪኩም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፣ በ1968 ዓ.ም. የተከፈተ። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ለብቻው ነበር። የዲላው ኮሌጅም ለብቻው። በ1992 ተዋህደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። የዛሬውን ስም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ግብርናው አንድ ጋ፣ ሕክምናው ሪፈራል ጋ፣ ዋናው ግቢ ሌላ ጋ ነው። ችግር ግን ግቢ አይለይም።

(ምስል፦ ሐይቁ ከታቦር ተራራ ላይ ሲታይ።)

አሁን ወደ ታቦር ወጥተናል። ትንሽ ልተንፍስ።

እሺ። ከዚህ ሐይቁን ስታዩት አንድ ነገር ግራ ሊያጋባችሁ ይገባል። በጥቁር ውኃ በኩል ወንዝ ይገባለታል። የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ፀሐይ ውኃውን እየወሰደች ጨውን ትተዋለችና ውሎ አድሮ ጨዋማ ይሆናል። ከሰሜን ያሉት ሻላና አብያታ እንደዚያ ናቸው። ሀዋሳ ግን ጨዋማ አይደለም። ዓሣ የሚረባበት ነው። ታዲያ ጨው የት ሄደ?

መልሱ ከሥር ነው። ሐይቁ የተኛው ድሮ በእሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተደረመሰ ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ዙሪያው ስንጥቅ ድንጋይ ነው። ውኃው በስንጥቁ በኩል በቀስታ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ጨውንም ይዞ ይሄዳል። መውጫ በር የለውም ያልነው ቤት የጓሮ በር ነበረው።

ያው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ፍሎራይድ፤ ከድንጋዩ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚገባ ንጥረ ነገር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ጉዳዩ ቤቴ የገባ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ የአጎቴ ልጅ አለ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ጥርሱ ቡናማ ነው። ልጆች ሆነን «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» ብለን እንስቅበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። መፋቁ አይደለም ጉዳዩ። ጥርስ ከድድ ሥር ሆኖ ገና ሲሠራ፣ ልጅ ከስምንት ዓመቱ በፊት የሚጠጣው ውኃ ፍሎራይድ ከበዛበት፣ ጥርሱ ሲወጣ ጀምሮ ተበላሽቶ ነው የሚወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በሸለቆው ውስጥ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ።

ይህን በሰፊው ካጠኑት አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ኃይማኖት ናቸው። በ1987 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በሸለቆው ተወልደው ካደጉትና ከታዩት ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። የነርቭ ሐኪም ጥርስ ውስጥ ምን ያደርጋል? ለዚህ ወንጂ መሄድ አለብን፤ አዳማ አጠገብ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛ ከየአገሩ መጣ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ውኃ ተጠጣ። ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንዳንድ ሠራተኞች ጀርባቸው ይደርቅ ጀመር። አንገት አልዞር አለ። ፍሎራይዱ አጥንት ውስጥ ተጠራቅሞ አከርካሪን ሲያጠብና ነርቭ ሲጫን ነው ነገሩ ወደ ነርቭ ሐኪም የደረሰው። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህ የሕክምና ጉዳይ ነው? የከርሰ ምድር? ወይስ የሠራተኛ ጉዳይ? የታመመው እኮ ሸንኮራ ቆራጩ ነው፣ ሥራ ፍለጋ መጥቶ።

(ምስል፦ ጥቁር የአጥንት ከሰል በእጅ ላይ።)

መፍትሔም አለ። ከነዚያ አንዱ ይህ ነው። የከብት አጥንት ነው፤ አየር ሳያገኝ በእሳት ከስሎ። ውኃ ሲያልፍበት ፍሎራይዱን ይይዛል። ኬሚስቱ ጨርሷል። እርካሽ ነው፣ ይሠራል።

እስቲ ግን በዐቢይ ጾም ወደ አንዲት እናት ቤት ግቡና «እማማ፣ ይህ ውኃ በበሬ አጥንት የተጣራ ነው» በሏቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሚሊግራም አይደለም። ሙስሊም ጎረቤታቸውም አጥንቱ የምን እንስሳ እንደሆነ፣ እንዴት እንደታረደ ይጠይቃል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህን «ኋላቀርነት» ብሎ ያለፈ መሐንዲስ ማጣሪያው ጥግ ላይ ዶሮ ሲሰፍርበት ያገኘዋል። ቄሱንና ሼኹን ቀድሞ ያማከረው ነው ውኃ ያጠጣው። የሃይማኖትና የባህል ጥናት ለጌጥ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያስብ።

(ምስል፦ የእንሰት ጓሮ። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ።)

ከከተማ ወጣ እንበል። በይርጋለም መንገድ ነን። ከየቤቱ ጓሮ ሰፋፊ ቅጠል ያለው እንሰት ቆሟል። ለማያውቀው ሰው ሁሉም አንድ ነው፤ «ሙዝ ነው?» ይላል። ብዙአየሁ ተስፋዬ የተባሉ ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ግን በሲዳማ 86 የእንሰት ዓይነቶችን መዝግበዋል። 86 የተለያየ ስም! ጋንቲቻ አለ፣ አዶ አለ፣ ሚዳሾ አለ። ቶሎ የሚደርሰው፣ ቡላው የሚበዛው፣ ቃጫው የሚጠነክረው፣ ተለይቶ ይታወቃል። መዝጋቢው ወረቀት ይዞ ሄደ፤ የተመዘገበው ግን ገበሬዎቹ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። «አያቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር» የሚል ቪዲዮ አልወድም። አያቶቻችን ያላዩት ነገር ነበር። ባክቴሪያ።

እንሰትን አጠውልግ የሚባል በሽታ ይገድለዋል። መሐል ላይ ያለው ቅጠል ይጠወልጋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ጓሮው በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። እንሰት ደግሞ በጓሮ የተቀመጠ የዓመታት ምግብ ነው፤ ዝናብ ቢቀርም የሚያኖር። የበሽታውን ባክቴሪያ በሳይንስ ስሙን ሰጥተው ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊና ብራድበሪ የተባሉ ባልደረባቸው ናቸው፣ በ1968 እ.ኤ.አ.። ለረጅም ጊዜ ጉዳዩን ከእንሰት አብቃዮች ውጭ የሚያነሳው ብዙ አልነበረም። በ2001 እ.ኤ.አ. ያው በሽታ ዩጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ። ከዚያ ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ። ያን ጊዜ ዓለም ያንን የድሮ ጽሑፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ማንበብ ጀመረ። ቅድም አቧራ ይጠጣል ያልኩትን ወረቀት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባክቴሪያው በምን ይተላለፋል? ዋናው መንገድ ቢላዋ ነው። የታመመውን የቆረጠ ስለት ጤነኛው ላይ ሲያርፍ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ምክሩ አንድ መስመር ነው፦ ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት።

ላቦራቶሪው እዚህ ላይ አበቃ። ቢላዋውን የያዘው ማነው? በአብዛኛው መትከልና ማዛወር የወንድ ሥራ ነው። መቁረጥ፣ መፋቅ፣ ማብላላት የሴት። ሥራው ደግሞ በደቦ ነው። ጎረቤት ትመጣለች፣ ዕቃ ይዋዋሳሉ፣ ቢላዋ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። እና ሥልጠናው ሲጠራ ማን ይጠራል? አባወራው። ቀበሌ አዳራሽ ቁጭ ይላል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ይመለሳል። ቢላዋው ቤት ነው ያለው። ሚስቱ ጋ።

ይህን ለማየት ባክቴሪያ ማወቅ አይበቃም። ማን ከማን ዕቃ እንደሚዋስ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ብቻውን ቢሆን ደግሞ መዋዋሱን «ውብ ባህል» ብሎ ጽፎ ያልፍ ነበር፤ በሽታ እንደሚያዛምት ሳያውቅ።

(ምስል፦ ጉዱማሌ። የፊቼ ጫምባላላ በዓል።)

ስለ ፊቼ ጫምባላላ ራሱን የቻለ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ዛሬ ጫፉን ብቻ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ቀኑን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉ ሰማይ አንባቢ ሽማግሌዎች ናቸው፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ጉዞ ተከትለው። ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ገበያውም በዚያ ይሄድ ነበር። የሚበላው ቡርሳሜ ደግሞ ከዚያው ከእንሰት ነው። አጠውልግ ጓሮውን ከጨረሰው የበዓሉ ገበታም ጎደለ።

(ምስል፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር፣ የፈረቃ መውጫ ሰዓት። ወጣት ሴቶች በብዛት።)

የመጨረሻዋ ቦታችን። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ተመረቀ። የፋብሪካ ሥራ ሕይወት ይለውጣል ይባላል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ነገሩን ፈተኑት፤ እዚህ ፓርክ ውስጥ ሳይሆን በሌሎች አምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች። ወደ 1,000 ከሚጠጉ አመልካቾች ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ተወሰነ። በዓመቱ ሲታይ ብዙዎቹ ሥራውን ለቀዋል። ገቢያቸው ካልተቀጠሩት አልበለጠም። የጤና ችግር ደግሞ ጨምሯል። ውጤቱ ብዙዎችን አስደንግጧል። እኔን ብዙ አላስገረመኝም፤ እዚህ በር ላይ ለአንድ ክፍል አራት ሆነው የሚከራዩ ልጆችን አነጋግሬያለሁ።

ፓርኩ አንድ ሌላ ነገርም አለው። ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ ተሠርቶለታል። ለምን ይህን ያህል ወጪ? ሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለውማ። ከታቦር ላይ ያየነው ነገር ነው። የገባበትን ቀለም ቶሎ ጠራርጎ የሚወስድለት የለም።

(ምስል፦ አሞራ ገደል እንደገና። ረፋድ።)

ተመልሰናል። ርቦኛል። ለቤትም ዓሣ ልገዛ ነው። ሻጩን ባርበስ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ መልሶ ጠየቀኝ፦

«ለማን ነው?»

«ቤት ልጅ አለች። አራት ዓመቷ ነው።»

«ለልጅማ ባርበስ አትውሰድ ወንድሜ። ቆሮሶ ውሰድላት።»

ደነገጥኩ። ስለ ሜርኩሪው ሰምቶ ይሆን? «ለምን?» አልኩት።

«እሾህ ይበዛዋል» አለኝና ቢላዋውን አነሳ።