ዳገቱ አይደለም፦ ትንፋሽ ስለሚያሳጣው የሳንባ ፈንገስ

(ምስል፦ ማለዳ፣ ደሴ፣ ዳገት የሚወጡ ሰዎች)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት። ዳገት ወጥቶ ማለክለክ እዚህ ብርቅ አይደለም። ለዚህ ነው አንድ ሰው «ሰሞኑን ዳገቱ ከበደኝ» ሲል «ብርዱ ነው» ብለን የምናልፈው። ትንፋሹ በየሳምንቱ እያጠረ ከሄደ፣ ደረቅ ሳልና ትኩሳት ከተጨመሩበት ግን ዝም አይባልም።

ዛሬ የማወራችሁ ኒሞሲስቲስ ስለሚባል ፈንገስ ነው። አቅሙ የተዳከመን ሰው ያጠቃል። በተለይ ኤችአይቪ እያለበት ያልተመረመረን ወይም መድኃኒቱን ያቋረጠን።

(ምስል፦ ጣት ላይ የተሰካ የኦክስጅን መለኪያ)

ይህቺን ትንሽ መሣሪያ እዩአት። በሽተኛው ቁጭ እንዳለ፣ በደሙ ያለውን ኦክስጅን ለምሳሌ 90 በመቶ ታሳያለች። ሐኪሙ ደረቱን ቢያዳምጥም ብዙ የሚሰማ ነገር የለም። «እስቲ ኮሪደሩን አንዴ ደርሰው ይመለሱ» ይላቸዋል። ሲመለሱ 82። ሲራመዱ እንዲህ መውረዱ ትልቅ ምልክት ነው። የሳንባው አየር ከረጢቶች አረፋ በመሰለ ነገር ተሞልተዋል። አየሩ ቢገባም ኦክስጅኑ ወደ ደም አይሻገርም።

ፈንገስ ነው ብያችኋለሁ። የተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች፣ እነ ፍሉኮናዞል፣ ግን አይነኩትም። እነሱ የሚያነጣጥሩበት ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት እሱ ጋ የለም። የሚሠራው ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ አዎ፣ ያው በየፋርማሲው የምናውቀው ክኒን። መጠኑ ግን በኪሎ ተሰልቶ ከፍ ይላል፣ ለ21 ቀንም ይወሰዳል።

ኦክስጅኑ በጣም ከወረደ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ቁጣ አብራጅ መድኃኒት አብሮ ይጀመራል፣ ሕክምናው በተጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ። ፈንገሱ ሲሞት ሳንባው ይቆጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ይህ ለቤተሰብ ቀድሞ ቢነገር ደስ ይለኛል። «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብለው በ3ኛው ቀን ከሆስፒታል እንዳያስወጡት።

ኦክስጅን በአፍንጫ ቱቦ ይጀመራል። ካልበቃ በማስክ፣ ከዚያ በግፊት፣ የባሰ ከሆነ በመተንፈሻ ማሽን። ሳንባው በቀላሉ ስለሚቀደድ ግፊቱ በጥንቃቄ ነው። ድንገት ደረቱን ከወጋው ወዲያው ተናገሩ።

(ምስል፦ አምቡላንስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ሲወጣ)

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር ለሚወስዱ አንድ ነገር ልጨምር። ሐረጎን በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ላይ የበቃው ኦክስጅን ደሴ መግቢያ ላይ ላይበቃ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የኦክስጅን ሲሊንደሩ ምን ያህል እንደቀረው ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ላይ እዩ። የጣት መለኪያዋንም መንገዱን ሙሉ ከበሽተኛው ጣት አታውልቁ።