ቅጣቱ ተከፍሎ የማያልቀው ጉዳይ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ስለ ትራፊክ ክስና ስለ መንጃ ፈቃድ እገዳ ነው። የምኖረውም የምሠራውም ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሙያዬ ጥብቅና ነው። ከቡሬም፣ ከሞጣም፣ ከቢቸናም የሚመጡ ሾፌሮች ቢሮዬን የሚያንኳኩት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከከረረ በኋላ ሲሆን፣ ታሪካቸውን የሚጀምሩትም «ቅጣቱንማ ያን ጊዜውኑ ከፍዬ ጨርሻለሁ» በማለት ነው። ይህ አነጋገር እያደር ያሳስበኝ ይዟል። ሾፌሩ የጨረሰው ገንዘቡን ብቻ ነው። በስሙ የተመዘገበው ጥፋት፣ አደጋ ደርሶ ከሆነም የወንጀሉና የካሳው ጉዳይ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ መሄዱን ይቀጥላል፤ ቤተሰቡ የሚኖርበትን እንጀራ የሚነካውም ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ በኋላ የሚመጣው ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከእርሱ ነውና። ትራፊክ ፖሊሱ ቆርጦ የሚሰጠው የክስ ወረቀት የሾፌሩን ስም፣ የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር፣ የታርጋውን ቁጥር፣ ቦታውን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የጥፋቱን ዓይነት የሚይዝ ነው። ሾፌሩ ከዚህ ሁሉ የሚያነበው የብሩን መጠን ነው፤ አንብቦ አጥፎ ከጸሐይ መከላከያው ሥር ይሰካዋል። በአንድ ወቅት በእጄ የገባ የክስ ወረቀት የጥፋቱን ዓይነት «ያለ መብራት ማሽከርከር» ይላል፤ ሰዓቱ ላይ ደግሞ 1:30 ተብሎ ተጽፏል፣ ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል የለም። እኛ አገር አንድ ሰዓት ተኩል በቀን ሁለቴ ይመጣል። የጠዋቱ ከሆነ ፀሐይ ወጥታ ሰው ወደ ሥራው እየሄደ ነው፣ የማታው ከሆነ ግን ጨለማ ነው። ክሱ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚያች ባልተጻፈችው ቃል ላይ ሆኖ ሳለ ሾፌሩ ልብ ሳይለው ሊከፍል ነበር። ቦታውም እንዲሁ ነው፤ «ደ/ማርቆስ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ከተማዋ ውስጥ መቆም የተከለከለበትም የተፈቀደበትም ቦታ አለና፣ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን እዚያው፣ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት፣ ፊደል በፊደል አንብቡት። የጎደለ ነገር ካለ በትሕትና «አለቃ፣ ይህችን ያሟሉልኝ» ማለት ይቻላል። ፖሊሱ ፈቃደኛ ካልሆነ ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ መንገዱንም፣ ምልክቱ ያለበትን ወይም የሌለበትን ምሰሶም ጭምር።

የትኛው ሕግ ነው የሚሠራው የሚለው ጥያቄ ሾፌሮችን ግራ ሲያጋባ አያለሁ፤ ግራ መጋባታቸውም አይፈረድም። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጣ፣ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 መጣ። መንጃ ፈቃዱን ራሱን የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው፤ እርሱም የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። በመናኸሪያ የሚወራው የቅጣት መጠን ብዙውን ጊዜ ከአሮጌው ደንብ የተቀዳ ነው። ጎረቤታችሁ ከሦስት ዓመት በፊት የከፈለው እናንተን አይመለከትም፤ ክሱ የትኛውን ደንብና የትኛውን አንቀጽ እንደሚጠቅስ እዩ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማስብበት ነገር ልለፍ። ከማርቆስ ባሕር ዳር በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል በሚሠራው መስመር ላይ፣ የሚኒባስ ባለንብረትና ሾፌር ሲዋዋሉ አንድ ያልተጻፈ ስምምነት አላቸው፤ ትርፍ ሰው ይጫናል፣ ቅጣት ከመጣ ባለንብረቱ ይከፍላል። በበዓል ዋዜማ ረዳቱ በመቀመጫዎቹ መካከል ዱካ እየደረደረ ሰው ሲያስገባ፣ ኬላው ሲደርስም «ጎንበስ በሉ» ሲል ያልሰማ ተሳፋሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። ስምምነቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ትርፉን የወሰደ ቅጣቱን ይክፈል የሚል ነውና። ነገር ግን ባለንብረቱ ሊከፍል የሚችለው ብሩን ብቻ ነው። ጥፋቱ የሚመዘገበው በሾፌሩ የመንጃ ፈቃድ ላይ ነው፤ የጥፋት መዝገብ ሥርዓቱም የተበጀው ጥፋት ሲደጋገም ውጤቱ እየከበደ እንዲሄድ፣ ከዚያም ወደ እገዳና ወደ ስረዛ እንዲደርስ ተደርጎ ነው። ያን ቀን ሲመጣ መኪናው ሌላ ሾፌር ያገኛል። ሕዝብ አንድ ወይም ሕዝብ ሁለት የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዓመታት የደከመው ሰው ግን ከመኪናው ወርዶ እቤቱ ይቀመጣል። በሌላ ሰው ገንዘብ የተከፈለ ቅጣት በከፋዩ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ይህን ለባለንብረቶች ስነግራቸው ብዙዎቹ ያውቁታል፣ ለሾፌሮቹ ስነግራቸው ግን የሚደነግጡ ይበዛሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ስምምነት በሾፌሩ ላይ የሚሠራ በደል ነው፤ ሕጉ ባለንብረቱን በዚህ በኩል ይበልጥ ጠበቅ ቢያደርገው ደስ ይለኝ ነበር።

ክሱን ካላመንኩበት መከራከር እችላለሁን የሚለውስ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፣ በአንቀጽ 37 መሠረትም በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ መብቱ ነው። መልሱ አዎን ነው ማለት ነው። ለምን ብዙ ሰው እንደማይከራከር ግን አውቃለሁ። የባሕር ዳር ሰው ደጀን ላይ ተከሶ፣ ደጀን ድረስ ተመላልሶ የሚያወጣው የነዳጅና የአልጋ ወጪ፣ ሥራ ፈትቶ የሚያሳልፈው ቀንም ሲጨመር፣ ከቅጣቱ ይበልጥበታል። ስለዚህ ሒሳቡን ሠርቶ ይከፍላል። እኔም ለሁሉም ክስ ተከራከሩ አልልም፤ ይህ ለጠበቃ እንጀራ ይሆናል እንጂ ለሾፌር አይበጅም። ሒሳቡን ስትሠሩ ግን የብሩን መጠን ብቻ ሳይሆን መዝገባችሁ ላይ ቀድሞ ያለውን ጨምሩበት። ንጹሕ መዝገብ ያለው ሰው በቀላል ጥፋት ከፍሎ ቢሄድ ላይጎዳ ይችላል፤ እገዳ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ያላጠፋውን ቀላል ጥፋት አምኖ መክፈሉ ራሱን መገፍተር ነው። የምትከራከሩ ከሆነም ክፍያ ከመፈጸማችሁና የተወሰነው ቀን ከማለፉ በፊት ይሁን፤ ከፍሎ ለመጣ ሰው «አላጠፋሁም» ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው።

ሌላው በየጊዜው የሚነሣልኝ አቤቱታ «ፈቃዴ ታገደ» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስመለከተው ፈቃዱ የታገደ ሳይሆን፣ ትራፊኩ ቅጣቱ እስኪከፈል ድረስ ደብተሩን ወይም ካርዱን ይዞ የክስ ወረቀቱን በምትኩ የሰጠበት ነው። ይህ መያዣ ነው። እገዳ ማለት ፈቃዱን ለመስጠት ሥልጣን ያለው አካል ወይም ፍርድ ቤት፣ ለዚህ ያህል ጊዜ አታሽከርክር ብሎ የሚወስነው ውሳኔ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው አቤቱታው ወዴት እንደሚሄድ ስለሚለይ ነው፤ ለተያዘ ካርድ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት ቀን ማባከን ነው፣ ለእገዳም ኬላ ላይ ያገኙትን ፖሊስ መለመን እንዲሁ። እገዳ የተጣለበት ሰው ውሳኔውን በጽሑፍ፣ ምክንያቱ የተገለጸበትንና የሚያበቃበት ቀን ያለበትን፣ ተቀብሎ ይያዝ። «በቃል ነገሩኝ» የሚል ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር በእጁ የለም።

አደጋ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ፣ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ደጀን ሲወጣ ያለውን መንገድ የነዳ ሰው ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ ተሳቢ በነፃ ማርሽ ሲለቀቅ ወይም ፍሬኑ ግሎ እንቢ ሲል የሚሆነውን መግለጽ አልፈልግም። ሕጉ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደል በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ተራው ቸልተኝነት ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያስቀጣል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን፣ ሾፌርም እዚህ ውስጥ ይገባል፣ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ከሞቱ፣ ወይም ሾፌሩ ግልጽ ደንብን እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን ካሳተ ግን ጽኑ እስራቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ይደርሳል።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደረጃ የሚያሻግረው አንዱ ነገር «ግልጽ ደንብ መጣስ» ነው። ፍሬኑ በድንገት ተበጥሶ ነው ወይስ ጭነቱ ከልክ አልፎ ነው የሚለው፣ ፖሊስ ባነሣው ፕላን፣ ማለትም በአደጋው ቦታ ንድፍ፣ እና በመኪናው የቴክኒክ ምርመራ የሚታይ ጥያቄ ነው። መኪናውን ከአደጋው በፊት ያስመረመረ፣ የጥገና ደረሰኙን ያስቀመጠ ሾፌር የሚከራከርበት ነገር አለው። አሥራ አምስት ዓመት የሚለው ጣሪያ ራሱ ሌላ መዘዝ ያመጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዋስትና የሚያስከለክለውን ሁኔታ ሲዘረዝር፣ አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ወንጀልንና የተጎጂውን መሞት አያይዞ ስለሚያነሣ፣ በዚህ በሦስተኛው ደረጃ የተከሰሰ ሾፌር በዋስ ይውጣ አይውጣ የሚለው ብርቱ ክርክር ይነሣበታል። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ችሎት ዋስትና የሚጠየቅባት ስለሆነች ቤተሰብ ጠበቃ የሚፈልገው ከእርሷ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

በእኛ አካባቢ ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይገባል። የሾፌሩ ዘመዶች ካህን አስቀድመው፣ ከሟች ቤት ሄደው፣ ደም አድርቀው፣ ካሳ ከፍለው ይታረቃሉ። ይህ ሥርዓት የሁለት ቤተሰብን ቂም ስለሚያቆም ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ ብዙ የከተማ ሕግ አዋቂዎች ከሚገምቱት በላይ ይሠራል። ነገር ግን እርቁ ክሱን አይዘጋውም። በቸልተኝነት መግደል በዐቃቤ ሕግ የሚከሰስ ወንጀል ነው፤ የሟች ወገን ይቅር ብያለሁ ማለቱ ብቻ መዝገቡን አያስቀረውም። የሚጠቅመው ቅጣት ሲወሰን ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተከሳሹ መጸጸቱንና ያደረሰውን ጉዳት ለመካስ መጣሩን እንደ ማቅለያ ይቆጥርለታል። ስለዚህ የእርቁ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፣ የተከፈለው ገንዘብ በቁጥር ይጻፍበት፣ የሟች ወራሾችም ይፈርሙበት። ያልተጻፈ ካሳ በኋላ በፍትሐ ብሔር ክስ ድጋሚ ሲጠየቅ አይቻለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ኃላፊነቱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በመኪናው ባለቤት ላይ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ አያመልጥም።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ፣ እገዳ ላይ ሆነው «ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው መሪ ለሚጨብጡ ሰዎችም አንድ ነገር ልጨምር። እገዳን ጥሶ መንዳት ራሱን የቻለ ጥፋት ከመሆኑ ሌላ፣ አደጋ ከደረሰ የሦስተኛ ወገን መድኑን ነገር ያበላሻል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ዋና ሐሳቡ ተጎጂው ሜዳ ላይ እንዳይቀር ነው። መድን ድርጅቱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ግን ፈቃድ የሌለው ወይም ፈቃዱ የታገደ ሰው ነው የነዳው ብሎ የከፈለውን ከባለንብረቱ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ባለንብረቶች ሾፌር ስትቀጥሩ የካርዱን ፎቶ ኮፒ መያዝ አይበቃም፤ ካርዱ በኪስ እያለ ፈቃዱ የታገደ ሊሆን ይችላልና፣ ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አረጋግጡ።