የተንጠለጠለው ድምፅ የት ነው ያለው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የጊታር ተማሪዎች፣

ዛሬ የምናገረው ሰቨን ሰስ ፎር ስለሚባለው ኮርድ፣ ማለትም አብረው ስለሚሰሙ አራት ድምፆች፣ እና ስለ ኢንቨርሽኖቹ ነው፤ «ሰስ» የተንጠለጠለ ማለት ሲሆን፣ ኢንቨርሽን ደግሞ ከመነሻው ድምፅ ሌላ ድምፅ ከሥር ሲሆን የሚወጣው አቀማመጥ ነው። ሶልን መነሻ ብናደርግ ድምፆቹ ሶል፣ ዶ፣ ሬ እና ፋ ናቸው፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋ ባሉት በሶል ሰቨን ኮርድ ውስጥ የምናውቀው ሲ ቦታውን ለዶ ስለለቀቀ፣ ዶ ወደ ሲ እስኪወርድ ድረስ ጆሮ በጉጉት ይቆያል።

እኔ ይህን ኮርድ ለዓመታት የማውቀው በአንድ አያያዝ ብቻ ነበር፤ ቤዝ ተጫዋቹ ሶልን ሲመታ እኔም ከሥር ያንኑ ሶል እደግም ነበር፤ ትርፉ ድምፁን ማድፈን ብቻ ሆነ።

አራተኛውንና ሦስተኛውን ክር ክፍት ትታችሁ፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር አንደኛው ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የመጀመሪያው ክፍፍል፣ ላይ ተጫኑ። ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ ይሰማል፤ ሬ ከሥር በመሆኑ ሁለተኛው ኢንቨርሽን ነው። በአንድ ጣት መያዝ ይቀላል፤ እኔ ግን ሁለት ጣት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሁለተኛውን ክር ብቻ ስትለቁ ዶ ወደ ሲ ይወርድና ሶል ሰቨን ይወጣል።

በእነዚሁ ክሮች ላይ፣ ከአራተኛው ወደ አንደኛው ስንቆጥር፣ ፍሬት 3፣ 5፣ 3፣ 3 ፋን ከሥር ያደርጋል፤ 5፣ 7፣ 6፣ 8 ሶልን፣ 10፣ 10፣ 8፣ 10 ደግሞ ዶን። አያያዞቹን እንደ ስልክ ቁጥር አትሸምድዱ፤ ዶን ተከተሉት። በሦስተኛው፣ በአንደኛው፣ ከዚያም በአራተኛው ክር ላይ ታገኙታላችሁ፤ የትም ቢሆን አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ስትመልሱት ሶል ሰቨን ነው።

ይህ ኮርድ ለትዝታ ሜጀር አጃቢ ሲሆን ልዩ ጥቅም አለው። የዶ ትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ስለሆኑ፣ ሶል ሰቨን ስንመታ ፋና ሲ ከቅኝቱ ውጭ ይገባሉ፤ ጆሮዬ ይህን አይወደውም። የሬ ሰቨን ሰስ ፎር ድምፆች ሬ፣ ሶል፣ ላ እና ዶ፣ የላ ሰቨን ሰስ ፎር ድምፆች ላ፣ ሬ፣ ሚ እና ሶል ግን ሁሉም የቅኝቱ ናቸው። የሬው ሶል የሚወርድበት ፋ በቅኝቱ ስለሌለ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የላው ሬ ግን ዶ ላይ ማረፊያ አለው፤ 5፣ 7፣ 5፣ 5 ይዤ ሦስተኛውን ክር ከ7 ወደ 5 ስመልሰው ላ ማይነር ሰቨን ይሆናል። አሁን ይህንኑ በዝግታ እጫወትላችኋለሁ፤ ጆሯችሁን ሦስተኛው ክር ላይ ብቻ አድርጉ።