የእናቴ ጠላ፣ የካላዛር መርፌ እና ያ የፈረደበት የመመረቂያ ጥናት

እንዴት ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ከጎንደር ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ባጃጅ ነው፤ ፒያሳ ቆሞ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ወሬያችን የዩኒቨርሲቲ ምርምር ነው። ቆይ፣ አትውጡ! በጠላ ነው የምጀምረው።

እናቴ በየዓመቱ ለጥምቀት ትጠምቃለች። አንድ ዓመት ሆመጠጠባት። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ታቦት ሊወጣ ነው፣ ጠላው ግን ኮምጣጤ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ "ጌሾው ነው" አለች። ሌላዋ "ኧረ ብቅሉ ነው"። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የሰው ዓይን ነው" አለች፣ የምታየው ደግሞ የመጀመሪያዋን ነው። እናቴ ዝም።

ለፋሲካ ሁለት እንስራ አወጣች። ሁለቱንም በግራዋ አጠበች። ጌሾው አንድ፣ ብቅሉ አንድ፣ ውሃው ከአንድ ቧንቧ፣ የተጠነሰሰበት ቀንም አንድ። አንዱን እንስራ በወይራ ደህና አድርጋ አጠነችው፣ ሌላውን እንደ ጥምቀቱ ለወጉ ያህል ብቻ። የታጠነውን ከሥሩ በከሰል ምልክት አደረገችበት። አጎቴ ተጠራ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገረው ከሁለቱም ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። አሁንም ደግሞ ቀመሰ፣ ለሳይንስ ሲል።

ያልሆመጠጠው ደህና የታጠነው ሆነ። የጎደለው ጭሱ ነበር! እናቴ ግን አላመነችም፣ ለኅዳር ሚካኤል ደገመችው። አሁንም ጭሱ።

በቃ ምርምር ማለት ይኼ ነው። አንድ ነገር ብቻ ትቀይራለህ፣ ሌላውን አትነካም፣ ቀማሹ አያውቅም፣ ከዚያ ትደግመዋለህ። የጎረቤቶቼ ደግሞ ግምት ነው። ግምት ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን እንስራ አያወጣም።

(ምስል፦ የመተማ የሰሊጥ ማሳ)

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ውጭ ነው የሚያድር። ዋልካ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ። ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፤ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው ድሮ 30 ቀን ነበር፣ በየቀኑ መርፌ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ማዕከል የተሳተፈበት የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ሞከረ። በሽተኛ በዕጣ ይደለደላል፣ ይነጻጸራል፣ ስታትስቲክስ የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ እንለፈው። 17 ቀን ሆነ። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ይኼን ሕክምና ለአካባቢያችን መከረ። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 14 ቀን አደረሰው፣ አንዱ መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት ተተካ። ለቀን ሠራተኛ አልጋ ላይ የዋለ ቀን ሁሉ ያልተከፈለ ቀን ነው፤ ልዩነቱን እናንተ አስሉት።

ቆይ፣ አንድ ኮሜንት አለ። አንድ አይደለም እንጂ፣ ባለፈው ቪዲዮ ሥር ተደርድሮ ነው ያገኘሁት፦ "ደማችንን እየወሰዱ ለፈረንጅ ይሸጡታል።" ወገኖቼ፣ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። በማንኪያ ደም የከበረ ሰው ካለ ስልኩን ላኩልኝ። ናሙና ከመወሰዱ በፊት ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። የስምምነት ወረቀት ይነበብላችኋል። "አልፈልግም" ማለት ትችላላችሁ፣ ሕክምናችሁ አይቀርባችሁም። ናሙና ከአገር እንዲወጣም ፈቃድና ስምምነት ያስፈልጋል። ግን ልንገራችሁ፣ በሚፈራው ሰው አልስቅም። ደም ሰጥቶ፣ ግማሽ ሰዓት ጥያቄ መልሶ፣ ውጤቱን ተመልሶ የነገረው ሰው ከሌለ ምን ይበል? ጥፋቱ የኛ ነው፣ የተማርነው ሰዎች።

ተማሪውስ ምን ያገኛል? ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከወረርሽኝ ነው የተወለደው። በ1953፣ ይኼም እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ደንቢያ ላይ ወባ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ ይባላል። በዓመቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው አብረው ተምረው አብረው ገጠር ይወርዱ ነበር። ዛሬም ተማሪዎች በቡድን ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፣ "ቲቲፒ" ሲባል የምትሰሙት እሱን ነው።

እኔም ለመመረቂያ ጥናቴ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ውሻ አባርሮኛል። አንዲት እናት ቤት ገባሁና "እማማ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠባሉ?" አልኳቸው። "አዎ ልጄ፣ እናንተ በመጣችሁ ቁጥር" አሉኝ። ወረቀቴን ይዤ ቀረሁ። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው "አዎ" ብሎኝ አምኜ ጽፌያለሁ! ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቀን ጥያቄውን ቀየርነው፤ መጠየቁን ትተን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና መኖሩን ማየት ጀመርን። "አዎ"ው ወዲያው ቀነሰ።

ከዓመታት በኋላ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ "የሠራኸውን ስህተትና ያረምክበትን መንገድ ንገረን" ተባልኩ። ሌላው ተወዳዳሪ "ስህተቴ ሥራ ማብዛቴ ነው" ብሎ ወጥቶ ነበር አሉ። እኔ የእማማን ሳሙና ነገርኳቸው። ተቀጠርኩ። ውጤቴን የጠየቀኝ አልነበረም፣ ባለመጠየቁም ደስ ብሎኛል።

የመመረቂያ ጥናት ላይ ያላችሁ፣ ርዕሳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሳምንት ሦስቱን መርጠን እንተቻቸዋለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። አጎቴም ለሦስተኛው ዙር ሙከራ ዝግጁ ነኝ በልልኝ ብሏል።