ጫት እንደ ወረርሽኝ ሲሰላ

[ስክሪኑ ላይ ሶስት ባዶ ሳጥኖች]

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ጫት ነው ማወራው፣ ግን በሒሳብ በኩል። 2012 ላይ ኮሮና ሲገባ ትዝ ይላችኋል ኣ፣ አንድ የያዘው ሰው ለስንት ሰው ያስተላልፋል እየተባለ ሁሉም ሰው ያወራ ነበር፣ እሷ ቁጥር አር ዜሮ ትባላለች። ከ1 ከበለጠች በሽታው ይስፋፋል፣ ካነሰች ቀስ እያለ ይጠፋል፣ በቃ። ሀሳቡ የቆየ ነው፣ ከርማክ እና ማኬንድሪክ በፈረንጆቹ 1927 ሕዝቡን ገና ያልያዘው፣ የያዘው፣ የወጣለት ብለው ከፋፍለው ሰርተውታል። በፈረንጆቹ 2007 ደግሞ ኋይት እና ኮሚስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ወስደው ሄሮይን ላይ ሞከሩት።

ጫት ጀርም አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እስኪ የምታውቁትን ቃሚ ሁሉ እንዴት ጀመርክ ብላችሁ ጠይቁት፣ አብዛኛው ጓደኛ ነው ሚላችሁ፣ ለፈተና ስናጠና፣ በርጫ ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ ሳይ አንድ ሁለት ቅጠል ቅመስ ተባልኩ። ማለት ከሰው ወደ ሰው ነው ሚሄደው፣ ሒሳቡ ደግሞ ሚፈልገው እሱን ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 ከመቶ ከሴቶች 12 ከመቶ ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። የቀመሰ ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት ግን አይደለም፣ በበዓል ወይ በዱአ ላይ የሚቅም አዛውንትና ካልቃመ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ልጅ አንድ ሳጥን ውስጥ መግባት የለባቸውም፣ አንድ ላይ የሚከት ሞዴል ካያችሁ አትመኑት።

[ሳጥኖቹ ይሞላሉ፦ ያልጀመረ፣ ቃሚ፣ ያቆመ]

እሺ ቁጥር እናስገባ፣ ለምሳሌ እንዲሆነን እኔ ያመጣሁት ቁጥር ነው። 10 ቃሚዎች በዓመት 6 አዲስ ሰው ያስጀምራሉ እንበል፣ ለአንዱ 0.6 ማለት ነው። አንድ ሰው ደግሞ በአማካይ 5 ዓመት ቅሞ ያቆማል። 0.6 ሲባዛ በ5፣ 3። እያንዳንዱ ቃሚ ከማቆሙ በፊት ሶስት ሰው አስገብቷል፣ ስለዚህ ይስፋፋል።

አሁን እንልፋ። ግቢ ውስጥ ትምህርት ተሰጠ፣ መቃሚያ ቤቶቹ ከትምህርት ቤት ራቁ፣ 0.6 ወደ 0.3 ወረደ። ማማከርና ሕክምናም ተገኘና 5 ዓመቱ ወደ 2 ዓመት ተኩል አጠረ። 0.3 በ2.5፣ 0.75። ከ1 በታች! አሸነፍን ማለት ነው?

[ካቆመው ሳጥን ወደ ቃሚው የሚመለስ ቀይ ቀስት]

ይቺ ቀስት ናት ነገሩን ሁሉ ምታበላሸው። ካቆሙት ግማሹ ቢመለሱስ? የሚመለሰው ሰው እንደገና 2 ዓመት ተኩል ይቅማል፣ ከነሱም ግማሹ እንደገና፣ ይሄ ሁሉ ሲደመር አንድ ሰው በአማካይ ሚቅመው 5 ዓመት ይሆናል። 0.3 በ5፣ 1.5። ያ ሁሉ ልፋት ተደርጎ ተመልሶ መስፋፋት ጀመረ፣ እኔ መጀመሪያ ስሰራው ተሳሳትኩ ብዬ ሶስቴ ደገምኩት።

ዶርም አብሮኝ የነበረ ልጅ አለ፣ ሁለቴ ሲያቆም አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ እየያዘው እየጮኸ ይነሳ ነበር፣ እሱን ችሎት አለፈ። ያላለፈው ከሰዓት ስምንት ሰዓትን ነው፣ ሀራራው በዛች ሰዓት ይመጣል፣ ጓደኞቹ ሁሉ ደግሞ በዛች ሰዓት አንድ ቤት ነው ያሉት፣ ሌላ ሚሄድበት ሰው አልነበረውም።

ስለዚህ ቀይ ቀስቷ እራሷ በቃሚው ብዛት ትወፍራለች፣ ያቆመው ሰው በዙሪያው ቃሚ በበዛ ቁጥር የመመለስ እድሉም ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን ሞዴሉ ላይ የሚያስፈራ ነገር ይመጣል፣ አር ዜሮ ከ1 በታች ወርዳም ሱሱ ላይጠፋ ይችላል፣ ምክንያቱም አንዴ ከበዛ በኋላ አዲስ ጀማሪ ባይኖርም እንኳን በተመላሾቹ ብቻ ለረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። እኛ ጋር ደግሞ ዘመቻው ሁሉ አትጀምሩ ነው፣ ላቆመው ልጅ ስምንት ሰዓት ላይ ሚሄድበት ቦታ ያዘጋጀለት ብዙ ሰው አላየሁም።